ሦስተኛው ከረጢት

ተልባ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳደረ ሰው ጄል ምን እንደሆነ ያውቃል። የፍሬው ልጋግ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሟሙቶ አይጠፋም፣ ጠጣርም አይባልም። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራው የዚሁ ዘመድ ነው፤ መጠኑ ግን 100 ናኖሜትር ገደማ፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ ያህል። ሲሳካ ብልቃጡ ብርሃን ፊት ሰማያዊ ጭጋግ ቢጤ ያሳያል። ወተት ከመሰለ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል፤ የሳምንቱ ድካም ይደፋል።

የምሞላበት መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ነው። ደማቅ ቀይ ነው፤ ካንሰርን ይገድላል፣ ልብንም ይጎዳል። ስለዚህ ደም ውስጥ እስካለ ታሽጎ እንዲቆይ፣ ዕጢው ዘንድ ሲደርስ እንዲለቀቅ እንፈልጋለን። መክፈቻው አሲድ ነው። የደም ፒኤች 7.4 ነው። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው የካንሰር ሕዋስ ስኳርን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ ዕጢው ዙሪያ ፒኤቹ ወደ 6.8 ሊወርድ ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ነገር ግን በፒኤች አንድ ቁጥር መውረድ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ 0.6 አራት እጥፍ አሲድ ማለት ነው። ሕዋሱ ጄሉን ውጦ ላይሶዞም በሚባለው መፍጫ ክፍሉ ውስጥ ከከተተውማ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው፤ 250 እጥፍ።

የጄሌ ሰንሰለቶች ላይ አሚኖች ተንጠልጥለዋል። አሲድ ሲያገኙ ፕሮቶን ይይዙና ሁሉም ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ውሃ ይገባል፣ ጄሉ ያብጣል፣ መድኃኒቱ ይወጣል። ማስከፈቱ ያን ያህል አላስቸገረኝም። መከራው ማዘጋቱ ነው። ሰንሰለቶቹን የሚያስተሳስረውን ማያያዣ ሳበዛ አሲድ ውስጥም አልከፈት ይላል፤ ሳሳንስ ገና 7.4 ላይ ያንጠባጥባል።

አንድ ጊዜ የተሳካልኝ መሰለኝ። የተሞላውን ጄል በዳያሊሲስ ከረጢት ቋጥሬ በ37 ዲግሪ ሁለት ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ አንዱ 7.4፣ ሌላው 5። ከረጢቱ መድኃኒቱን ያሳልፋል፣ ጄሉን ያስቀራል። በማግስቱ 5 ያለው ውሃ ቀልቷል፤ 7.4 ያለው ሐመር ሮዝ ብቻ ነው። ግራፉን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ሮጥኩ። አየውና፣

«ጄል የሌለበትን መድኃኒትስ ከረጢት ውስጥ ከተሽዋል?» አለኝ።

አልከተትኩም ነበር። ሠራሁት። ያለ ምንም ጄል፣ ዶክሶሩቢሲን ብቻውን፣ በአሲዱ ውስጥ ቶሎ ወጣ፤ 7.4 ባለው የፎስፌት ውሃ ውስጥ ተንቀረፈፈ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ መድኃኒቱ ራሱ አሚን አለው። አሲድ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ 7.4 ላይ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከረጢቱንም ይይዛል። እኔ ለጄሉ የሰጠሁት ምስጋና የመድኃኒቱና የከረጢቱ ነበር። ሁለቱን ግራፎች ሳነባብራቸው በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ጣት አይሞላም። (ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ጄል የሌለበትን መድኃኒት መስመር ነው፤ ስንት ጊዜ እንደማጣው አልናገርም።)

ክፍተቷ ትንሽ ብትሆንም የእኔ ነበረች። ማያያዣውን ስቀያይር፣ አሚኑን ስመርጥ ወራት ሄዱ። ሰፋች፤ እንደ መጀመሪያው ግራፍ ግን አላማረችም። ሰውነት ውስጥ ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ የእንስሳት ጥናቶች ግምገማ፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 ከመቶ ብቻ ነው ብሏል። በር ላይ ላልደረሰ እንግዳ ቁልፉ ምን ያደርግለታል እያልኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

ጠዋት ግን እመለሳለሁ። የፒኤች መለኪያውን በ4ና በ7 አስተካክላለሁ፣ ሦስት ከረጢት እቋጥራለሁ። ሦስተኛው ላይ በእስክሪብቶ «ጄል የለውም» ብዬ እጽፋለሁ፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣም መጀመሪያ የማስቋጥረው እሱን ነው።