የመድኃኒት ቅሪት ከመቁጠራችን በፊት

«የመጠጥ ውሃችን ለአንቲባዮቲክ ቅሪት ይመርመር» የሚለው ጥሪ ደጋግሞ ይሰማል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አስገዳጁ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ስለ አንቲባዮቲክ አንድም ነገር አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የገደብ ቁጥር አላስቀመጠም። ታዲያ ክፍተቱን እንሙላ ቢባል ምን ክፋት አለው? እስቲ ነገሩን ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ሆነን እንየው።

አንዲት ምንጭ አስቡ። ከበላይዋ ከብት ይሰማራል። ላሟ ጡቷ ሲያብጥ ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ትወጋለች፤ ሽንቷና እበቷ መስኩ ላይ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል። አሁን ከምንጯ አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ብታስመረምሩ ምን ይገኛል? እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ነው። ፔኒሲሊን ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ የሞለኪውሉ ቀለበት ይሰበራል። ቴትራሳይክሊን ከሸክላማ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ አብዛኛው ደለሉ ውስጥ ይቀራል። ሰልፋሜቶክሳዞል (ባክትሪም ውስጥ ያለው) ግን ከውሃው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ «አልተገኘም» ሲሏችሁ «የትኛው? በበጋ ነው በክረምት?» ብላችሁ ጠይቁ። በጥር አንድ ቀን በተቀዳ ናሙና ስለ ዓመቱ ሙሉ የሚናገር ጥናት፣ እኔ በበኩሌ፣ አያሳምነኝም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ይህ ምርመራ ናኖግራም፣ ማለትም የግራምን ቢሊዮንኛ ነው የሚለካው፤ መሣሪያው ውድ፣ ባለሙያውም ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኝ እንዲህ ያለ ጥቂት የመድኃኒት ቅሪት በቀጥታ ሰውን የመጉዳት ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው ብሏል። የሚያሳስበው መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ ነው። ቅሪቱ ይጠፋል፣ ባክቴሪያው ግን ይራባል።

እሱን ለመፈለግ ደግሞ ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ አጣርቶ ኢ. ኮላይን ማሳደግ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ደረጃው የሚፈቅደውም ዜሮ ነው። ማሳደጊያው ላይ ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክ ስትጨምሩበት የተላመዱት ብቻ ይበቅላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው «ትራይሳይክል» የተባለው አሠራር የቆመው በዚሁ ላይ ነው፦ ሰውን፣ የምግብ እንስሳትንና አካባቢን በአንድ መለኪያ ማየት። ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታል ላላት አሰላ ይሄ የሚከብድ አይደለም።

ውጤቱም ለቤት ይጠቅማል። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ይበቃል። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ እሳት አልለመደም። የመድኃኒቱን ቅሪት ግን ማፍላት በአብዛኛው አያስወግደውም፤ ቅሪት ተገኘ ብላችሁ ለባለቤቷ ብትነግሯት ምን እንድታደርግ ነው?

ውዱ መሣሪያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሆስፒታል ፍሳሽ ላይ፣ ከዚያም ታች ከተር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ በሚገባበት ደለል ላይ ይሞከር፤ የባቱ ከተማ ሰው ከዚያ ሐይቅ ነው የሚጠጣው።