ጨርቁም ግንዱም ሲወጠር

ቅናሽ ጨርቅ ማንነቱን አይናገርም። ሱቁ ጥግ ካለ ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ፣ በያርድ ይህን ያህል ተብሎ ብቻ ይቀመጣል። ፋብሪካው ቀለሙ ስላላማረለት ያወጣው ሊሆን ይችላል፤ ጃኬት የሚሠራ ድርጅት ካዘዘው የተረፈም ይሆናል። ምንነቱን መርምሮ መለየት የገዢው ሥራ ነው። እኔ መጀመሪያ በሁለት እጄ ይዤ በቁመቱ እስበዋለሁ፤ ቀጥሎ በወርዱ፣ በመጨረሻም በሰያፍ። በቁመትና በወርዱ ንቅንቅ ሳይል በሰያፍ ብቻ ከተለጠጠ ሽመናው ደህና ነው። ከዚያ ከንፈሬን ገጥሜ ትንፋሼን እገፋበታለሁ። ካላሳለፈ ውሃ የሚከለክል ቅብ አለው። ቤት ስገባ ደግሞ ከጠርዙ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ይዤ እሳት አስጠጋባታለሁ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፤ ፖሊስተሩ ጥቁር ጭስ ስለሚያወጣ ከናይለኑ ይለያል።

ናይለኑን ከፖሊስተሩ ለመለየት ይህን ያህል የምደክመው በምክንያት ነው። የምኖረው ሲያትል ነው፤ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ ባሉት የካስኬድ ተራሮች ላይ አድራለሁ። እዚያ ዝናቡ ከያዘ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፤ በመጠጠ ቁጥር ይረዝማል። ማምሻውን ጥብቅ ተደርጎ የተወጠረ የናይለን መከለያ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ይረግባል፤ መሐሉ ውሃ ያቁራል፤ ነፋሱም ያርገበግበዋል። ፖሊስተር ውሃ ወደ ውስጡ የሚያስገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ እንደተወጠረ ያነጋል። ውዱን፣ ሲሊኮን የጠጣውን ናይለን የሚያወድሱ ብዙ ናቸው። ቀላልና ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። እንደ እኔ ግን በዝናብ አገር ለሚያድር ሰው ርካሹ ፖሊስተር ይሻላል።

ልብስ መስፋት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። አጎቴ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር ይመዝ ነበር። የወጣው ክር የተወውን ቀጭን መስመር ተከትሎ ሲቆርጥ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቅብ ያለው ጨርቅ ክሩን አያስመዝዝም። ነገር ግን ለድንኳንና ለዝናብ የሚሠራው ጨርቅ በየጥቂት ሚሊሜትሩ ወፈር ያለ ክር ስለሚገባበት ካሬ ካሬ ሆኖ ይታያል። ወፍራሙ ክር የገባው ቅዳጅ ሲነሳ እዚያው ላይ እንዲቆም ነው። ለእኔ ግን አጎቴ ይመዘው የነበረውን ክር ተክቶልኛል፤ ካሬዎቹን እየተከተልኩ እቆርጣለሁ።

የተራራ ዕቃን በቤት መስፋት አሜሪካ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ ፍሮስትላይን የተባለ ድርጅት የጃኬትና የድንኳን ጨርቅ ተቆርጦ የተዘጋጀ፣ ከነመመሪያው በፖስታ ይልክ ነበር፤ ገዢው ቤቱ ይሰፋዋል። ኋላ ሬይ ጃርዲን የተባለው ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ድንበር ለሚዘልቀው የፓስፊክ ክረስት መንገድ ተጓዦች መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰው ሸክሙን እንዲያቀልና ዕቃውን ራሱ እንዲሰፋ ሲወተውት ኖሯል። ስለ ዣንጥላውና ስለ ምግቡ የሚለውን ሁሉ አልቀበልም፤ በስፌቱ ግን ባለውለታችን ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው የዝናብ መከለያ ነው። ዚፕ የለው፣ እጅጌ የለው። የጨርቁ ወርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ሦስት ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ሲጋጠሙ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጣራ ይወጣቸዋል። ጥበቡ ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። የጂንስ ሱሪ እግር ውስጠኛ ጎን ላይ እንደሚታየው፣ ሁለቱ ጠርዞች አንዱ ሌላውን አቅፎ ታጥፈው ሁለት ጊዜ ይሰፋሉ። ያኔ ጉልበቱን አንድ መስመር ክር ብቻውን አይሸከመውም፤ አራት ድርብ ጨርቅ ይጋራዋል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል። መርፌው ቀጭን ይሁን። የስፌቱ እርምጃ ደግሞ ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል ባያንስ እወዳለሁ። ብዙ ሰው ስፌት በደቀቀ ቁጥር የሚጠነክር ይመስለዋል። ቀጭን ጨርቅ ላይ ግን የደቀቀ ስፌት ቀዳዳ ያበዛል፤ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ከዚያ ጠርዙ አለ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ ሁለት ጫፉ ሲሳብ መሐሉ ይላላል፤ ነፋስ የሚጫወትበትም እዚያ ነው። መድኃኒቱ ጠርዙን ወደ ውስጥ ጎበጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። ልኩን በስሌት መፈለግ አያሻም። የጠርዙን ርዝመት ያህል አራርቄ ሁለት ምስማር ግድግዳ ላይ እመታለሁ፤ ቀጭን ሰንሰለት በሁለቱ ላይ አንጠለጥልና ለሦስት ሜትር አሥር ሴንቲሜትር ያህል እንዲወርድ እለቀዋለሁ፤ ከኋላው ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ እከተለዋለሁ። ሰንሰለቱ በክብደቱ የሚያበጀው ጉብጠት፣ ጨርቁ ሲወጠር ጉልበቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በዚህ ቅርጽ የተቆረጠ መከለያ ሲወጠር አንድም መጨማደድ አይታይበትም። ይህን ያየ ሰው ውድ ጨርቅ መመኘቱን ይተዋል። አሥር ዶላር የማይሞላ ጨርቅ ላይ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከቻለ፣ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን ድንኳን ሁሉ ከስፌቱ አንብቦ መመዘን ይችላል።

የምሰፋበት መኪና አሮጌ፣ ሁለመናው ብረት የሆነ፣ ቀጥታ ስፌት ብቻ የሚያውቅ ነው። ከእርሱ የምፈልገው የላይኛውና የታችኛው ክር ጨርቁ መሐል ላይ እንዲገናኙ ብቻ ነው። የላይኛው ከጠበቀ የታችኛውን ክር እየሳበ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከላላ ደግሞ ከሥር ይጎነጎናል። ቁራጭ ላይ ሳልሞክርና ስፌቱን በጥፍሬ ሳልዳስስ ሥራ አልጀምርም።

ከስፌት መኪናው ሌላ እጄ የለመደው የሞተር መጋዝ ነው፤ ሁለቱንም የሠራ ድርጅት አለ። የስዊድኑ ሁስክቫርና እ.ኤ.አ. በ1689 የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1872 የልብስ ስፌት መኪና መሥራት ጀመረ፤ በ1959 ደግሞ የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ አወጣ። የስፌት መኪናው ኋላ ከመጋዙ ተለይቶ ወደ ሌላ ባለቤት ሄዷል። ሁለቱ በአንድ ቤት መሠራታቸውን ስሰማ አልተገረምኩም። ሁለቱም በትንሽ ቦታ ውስጥ በፍጥነት የሚሮጥ ብረት ናቸው፤ ሁለቱም ቅባት፣ ስለትና ልከኛ ውጥረት ከጎደላቸው ይበላሻሉ።

መጋዝ የማነሳው የእግረኛ መንገድ ከሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ነው። ክረምቱ ሲያልፍ መንገዱ ላይ ብዙ ዛፍ ወድቆ ይገኛል። በአገሪቱ የደን አገልግሎት መሬት ላይ በጎ ፈቃደኛም ቢሆን ሠልጥኖና ተፈትኖ ነው መጋዝ የሚነካው፤ ትክክለኛ ሕግ ነው። የምወዳቸው መጋዞች መካከለኞቹ፣ ሞተራቸው 50 ሲሲ ገደማ የሆኑት ናቸው፤ ሽቲል የተባለው ድርጅት የሚሠራው ኤምኤስ 261 እና የሁስክቫርናው 550 ኤክስፒ። የሁስክቫርናው 372 ኤክስፒ፣ 70 ሲሲውን የሚያልፈው፣ ትልቅ ግንድ ላይ ግሩም ነው። ዳገት ለዳገት በትከሻ ተሸክሞት ለሚወጣ ሰው ግን የደከመ ክንድ ከትንሽ ሞተር የባሰ አደጋ ነው። ከሁለቱ መካከለኞች ሽቲሉን አስቀድማለሁ፤ እጄ ላይ ሚዛኑ ይስማማኛል።

ግን ከሞተሩ በላይ የሚቆርጠው ሰንሰለቱ ነው። የዛሬው ሰንሰለት የጆሴፍ ኮክስ ውለታ ነው። ይህ የኦሪገን እንጨት ቆራጭ እ.ኤ.አ. በ1946 የጥንዚዛ እጭ እንጨቱን በቁመቱም በአግድሙም ያለ ችግር ስትበላ ተመለከተ፤ መንጋጋዋን አስመስሎ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ የሚፈራረቁበትን ሰንሰለት ሠራና በሚቀጥለው ዓመት ፖርትላንድ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። እነዚህን ጥርሶች በ4.8 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ፣ ወደ 30 ዲግሪ ሰያፍ አድርጌ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እየገፋሁ እስላቸዋለሁ። የተሳለ ሰንሰለት ረጅም ፍቅፋቂ ይተፋል። ዱቄት መትፋት ሲጀምር አቁሞ ሞረድ ማንሳት ነው፤ በክንድ እየተጫኑ መቀጠል ሞተሩንም ሰውየውንም ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የወደቀውን ዛፍ ማንበብ ነው። መንገዱን አቋርጦ በሁለት ጫፉ ከፍ ካለ መሬት ላይ ያረፈ ግንድ መሐሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ላይኛው ገጹ ተጨፍልቋል፤ ታችኛው ተወጥሯል። ከላይ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ስንጥቁ ይዘጋበትና መጋዙ ተነክሶ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ሲሶ ያህል እገባለሁ፤ ዓይኔን ከስንጥቁ አልነቅልም። መጥበብ ሲጀምር አወጣና ከታች ወደ ላይ እጨርሳለሁ። አንዱ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው ከተንጠለጠለ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተወጠረው ላይኛው ነው፤ ከታች ይጀመራል። ወደ ጎን የጎበጠ ግንድ ደግሞ ሲለቀቅ ወደ ውጭ ስለሚፈናጠር፣ መቆም በጎበጠበት ውስጠኛ ጎን ብቻ ነው። ጨርቅ በሰያፍ መሳብ የለመደ እጅ ይህን ለመቀበል ጊዜ አይፈጅበትም። ቅርፊቱ የተሰነጠቀበት ጎን ተወጥሯል፤ የተጨማደደበት ጎን ተጨፍልቋል። ሽብልቅ ኪሴ ውስጥ ባይኖር አልጀምርም።

እግሬ ላይ የማስረው መከላከያ ቅድ ሱሪ ከስፌት ሥራ ሁሉ የማከብረው ነው። ውስጡ ሆን ተብሎ ላላ ያለ የኬቭላር ወይም ሌላ ጠንካራ ክር ተደራርቦበታል። ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተመዝዞ ይወጣል፤ ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው ፒኞን ላይ ይጠመጠምና ቀጥ ያደርገዋል። እዚህ የሚያድነው የክሩ ልቅነት ነው። ስለዚህ ከላይ ሲቀደድ መርፌ ይዞ ውስጠኛውን ድርብ አብሮ መስፋት አይገባም፤ ክሩ ከታሰረ አይመዘዝም። የላዩ ጨርቅ ብቻ በማጣበቂያ ይጠገናል። ውስጡ የተነካ ከሆነ ይጣላል። እዚህ ላይ ቁጠባ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዱር መሬት ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ሞተር ስለሚከለክል እዚያ የምንገባው ሁለት ሰው በሚስበው ረጅም የእጅ መጋዝ ነው። ለእርሱ ጥርስ የሚሆነው ሽፋን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ቱቦ ነው፤ ላዩ የተሸመነ፣ ውስጡ ጎማ። የአዲስ አበባን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምን አለሽ ተራን፣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ቱቦ አይጥልም። በመጋዙ ርዝመት ቆርጬ በአንድ ጎኑ እሰነጥቀውና ጥርሶቹ ላይ አለብሰዋለሁ። የቤት መኪና አይወጋውም፤ በወስፌና በሰም በታሸ ክር በእጅ ይሰፋል። ማሰሪያዎቹን ከመከለያው በተረፈ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፌ እሠራለሁ፤ ቋጠሮው በመጋዙ ጀርባ በኩል እንዲውል አደርገዋለሁ፤ በጥርሱ በኩል ከዋለ በመጀመሪያው ቀን ይበጠሳል።