ኪሱ የበዛ ቦርሳ

በዚህ ገጽ ላይ መጽሐፍ ሲተች፣ ቲያትር ሲመዘን ማየት ለለመደ አንባቢ የሕፃን ዕቃ መያዣ ቦርሳ ለሂስ መቅረቡ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቦርሳም እንደ ድርሰት ሁሉ ደራሲ አለው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ተሸካሚው ማን እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚይዝና የት ይዞት እንደሚሄድ ገምቶ ነው የነደፈው። ግምቱ ከሳተ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ነዳፊው ሳይሆን በሐምሌ ፀሐይ አንዱን ልጅ ታቅፎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ ቦርሳውን በክርኑ አንጠልጥሎ የሚንከራተተው ወላጅ ነው። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ይህን ዕቃ እንደ አንድ ሥራ እንመልከተው።

ገና በቅጡ መራመድ የጀመሩ ሕፃናትን ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ መሄድ በእኛም ዘንድ የበጋ ወግ ሆኗል። ዲዝኒ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የመግቢያ ዋጋ ስለማያስከፍል «ሦስት ሳይሞላው እንሂድ» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም ግን መኪናውን አቁሞ ለሚገባ ሰው ቅርብ አይደለም። ከዋናው የመኪና ማቆሚያ እስከ በሩ በጀልባ ወይም በሞኖሬል ነው የሚኬደው። «የረሳሁትን ከመኪና ላምጣ» ብሎ ነገር የለም ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖረው ደግሞ ቅርባችን የነበረው የሜሪላንዱ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ስለተዘጋ፣ ወይ ወደ ደቡብ ወርደን ቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚኒየን፣ ወይ ወደ ሰሜን ወጥተን ፔንሲልቬንያ ሴሰሚ ፕሌስ መድረስ ይኖርብናል። መንገዱ ሲረዝም ቀኑ ይረዝማል፤ ቦርሳውም አብሮ ያብጣል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «የሕፃን ቦርሳ» ተብሎ በየመደብሩ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል፣ ኪሱ የበዛ ቦርሳ ነው። መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ዓይን ይገባል። የጡጦ ኪስ አለው፣ የስልክ ኪስ አለው፣ የዳይፐር ኪስ አለው፣ በኪሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ኪስ አለው። ሻጩ ኪሶቹን እየቆጠረ ያሳይዎታል፤ እርስዎም «እንዴት ያለ የታሰበበት ዕቃ ነው!» ይላሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ኪስ አንድ ተጨማሪ ነገር እንዲያስታውሱ የሚጠይቅ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቤት ውስጥ፣ ልጁ ተኝቶ እያለ፣ የትኛው ነገር የት እንደተቀመጠ ማወቅ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሰው መሐል፣ ልጁ እያለቀሰና እጅዎን እየጎተተ ሳለ መጥረጊያውን በአሥር ኪስ ውስጥ መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ በሕዝብ መካከል ከዓይን የሚሰወረው ሁልጊዜ ወላጁ ግድየለሽ ስለሆነ አይደለም። ወላጁ አንገቱን ቦርሳ ውስጥ በቀበረባት በዚያች አፍታም ይሰወራል። በእኔ ግምት የቦርሳው ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ አንድ እጅ ልጁን ሳይለቅ፣ ዓይንም ከልጁ ሳይነሣ፣ ሌላው እጅ የሚፈልገውን ማግኘት አለበት።

የቆሎ ተማሪ አኮፋዳ አንድ አፍ ነው ያለው። ተማሪው እጁን ሲሰድ ያለውንም የሌለውንም ያውቃል። የመንገደኛው አገልግልም ቆዳ የለበሰ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ለአንድ ሥራ የተሠራ ዕቃ ነው። ይህን የምለው የድሮው ሁሉ ይሻላል ለማለት አይደለም። አገልግል አንግቶ ዲዝኒ የሚገባ ሰው ባይ ፎቶግራፍ ለማንሣት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የምለው የእነዚያ ዕቃዎች ሠሪዎች ተሸካሚውን ያውቁት ነበር ነው።

በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለው ቦርሳ ከኪሱ የባሰ ጥፋትም አለው። ልጅዎን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ማንገቻው ከትከሻዎ ይንሸራተትና ቦርሳው ዞሮ የሕፃኑን ፊት ይመታል። ይህን ያላየ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ልጅን ጎንበስ ብሎ ማንሣት ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለሕፃን ተብሎ የተሠራ ዕቃ ሕፃን በተነሣ ቁጥር ሕፃኑን የሚመታ ከሆነ፣ ነዳፊው ልጅ አንሥቶ አያውቅም ብንል ሐሜት አይሆንብንም።

እናቶቻችን ይህን ጣጣ በአንቀልባ ፈትተውት ነበር። አንቀልባ ክብደቱን ጀርባ ላይ ያጣብቃል፤ ጠፍሩ ከፊት ይታሰራል፤ ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ። እናት ልጇን አዝላ ታቦካለች፣ ትቀዳለች፣ ገበያ ወርዳ ትመለሳለች። ዛሬ ልጁ በጋሪ ወይም በእግሩ ስለሚሄድ ጀርባችን ለዕቃው ተርፏል። ስለዚህ የጀርባ ቦርሳ ከትከሻው ቦርሳ ይሻላል ብል አድልዎ አይደለም። ግን የጀርባ ቦርሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ከላይ ብቻ የሚከፈተው የተማሪ ቦርሳ ጉድጓድ ነው፤ የሚፈለገው ነገር ዘወትር ከታች ይገኛል። የሚሻለው ዚፑ በሦስት በኩል ዞሮ እንደ ሻንጣ ወለል ብሎ የሚከፈት፣ ውስጡ ጥቁር ሳይሆን ነጣ ያለ ጨርቅ የሆነ፣ ደረት ላይ የሚያያዝ ቀበቶ ያለው ነው። የውስጡ ጨርቅ ቀለም ትንሽ ነገር ይመስላል። ጥቁር ቁልፍ በጥቁር ጨርቅ ውስጥ የፈለገ ሰው ግን ይረዳኛል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ዲዝኒ እስከ 61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ ያስገባል። ይህ የተፈቀደው ልክ ነው እንጂ የሚመከረው አይደለም። ያን የሚያህል ቦርሳ ሞልቶ የመጣ ሰው ለመዝናናት ሳይሆን ቤት ለመቀየር የወጣ ይመስላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ልጆች ሃያ ሊትር ገደማ የሚይዝ ይበቃል። አምስት ስድስት ዳይፐር፣ አንድ እሽግ እርጥብ መጥረጊያ፣ ለየልጁ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ለፍሎሪዳ የከሰዓት ዶፍ ስስ የዝናብ ልብስ ቢያዝ ቦርሳው ገና ይተነፍሳል። ቅያሪውን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ከረጢት ካደረጉት የረጠበው ልብስ ሲወልቅ መልሶ ይገባበታል።

ግን ማን እንዲህ ቀለል አድርጎ ይነሣል? እኛ ጉዞ ሲባል የሚታየን ስንቅ ነው። ከመካከላችን ሱዳንን በእግሩ አቋርጦ የመጣ አለ፤ ያ ሰው «ውሃ እዚያ አለ» ሲሉት አያምንም፤ ባያምንም አልፈርድበትም። ሚስቱ ሦስት ጠርሙስ ብትይዝ እርሱ አራተኛውን ይጨምራል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አራት ሊትር ማለት አራት ኪሎ ጀርባ ላይ ጭኖ ቀኑን ሙሉ መዞር ነው። በዲዝኒ ፓርኮች ፈጣን ምግብ የሚሸጥባቸው መስኮቶች ለጠየቀ ሰው በረዶ ያለበት ውሃ በነፃ ይሰጣሉ። በፍሎሪዳዎቹ አራት ፓርኮች በእያንዳንዳቸው ደግሞ ዳይፐር የሚቀየርበት፣ የሚጠባበትና የጎደለው የሚገዛበት የሕፃናት ክፍል አለ። አንድ ጠርሙስ ለመንገድ፣ የቀረው በዚያው ይሞላል።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ዲዝኒ ከቤት የተያዘ ምግብ ያስገባል፤ የሚከለክለው በጠርሙስ ብርጭቆ የሆነውን (የሕፃን ምግብ ካልሆነ)፣ አልኮልንና ያልታሸገ በረዶን ነው። ሌሎች ፓርኮች በዚህ ላይ ጠበቅ ስለሚሉ የሚሄዱበትን ደንብ አስቀድመው ይዩ። በፍልሰታ ለሚጾም ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው አይብና ሥጋ ነዋ። ይሁንና ፍርፍርና ወጥ ቦርሳ ውስጥ ቦታ የላቸውም። መፍሰሱ ይቅርና፣ የበሰለ ምግብ ካለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባውም። የተበጠበጠ የዱቄት ወተትም በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ መደፋት አለበት፤ ዱቄቱን ለብቻ ሰፍሮ መያዝ ይሻላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለትልቁ ሰው ምርጥ ስንቅ ናቸው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ጉሮሮ የሚዘጉ ናቸውና በወላጁ ኪስ እንጂ ልጁ በሚከፍተው ቦርሳ ውስጥ አይሁኑ። ድፎ ዳቦና ሙዝ ማንንም አስቸግረው አያውቁም።

ቦርሳውን ጋሪው እጀታ ላይ መስቀል የብዙዎች ዘዴ ነው። ልጁ ጋሪው ላይ እስካለ ሚዛኑ ይጠብቃል፤ ልጁን ሲያነሡት ግን ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሁለተኛው ልጅ ከኋላ ቆሞ ከሆነ በላዩ ላይ ነው የሚወድቀው። ከባዱ ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ይሁን። ለዕቃ ሲሉ ተሳቢ ሠረገላ ለመግዛት ያሰቡም አይልፉ፤ ዲዝኒ ከ2019 ጀምሮ ሠረገላ አያስገባም፣ ጋሪም ከ79 ሴንቲ ሜትር ወርድና ከ132 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለፍ የለበትም። ጋሪው የሚቆመው ከመጫወቻው ውጭ፣ ጠባቂ በሌለበት ስለሆነ ስልክ፣ ገንዘብ፣ የመኪና ቁልፍና የልጁ መድኃኒት በትንሽ የወገብ ቦርሳ ሆነው ከሰው ጋር መሄድ አለባቸው። የወገብ ቦርሳን «የቱሪስት» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። ያሹፉ።

የመጨረሻው ሂሴ በመልኩ ላይ ነው። የሕፃን ቦርሳ ሲሠራ በአበባና በሮዝ ቀለም የሚያጌጠው «ይህ የእናት ነው» ለማለት ነው። ገበያው ገና ከመደርደሪያው ላይ ሥራ አከፋፍሎ ጨርሷል። ፓርኩ ውስጥ ግን ሌላ ሕግ አለ። ስፔስ ማውንቴን ለመሣፈር 112 ሴንቲ ሜትር፣ የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር ለመሣፈር 97 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠየቃል፤ ሕፃኑ አይደርስም። ለዚህ ሲባል ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አለ። አንዱ ወላጅ ሲሣፈር ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ሰልፉን እንደገና ሳይጀምሩ ይለዋወጣሉ። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቦርሳውም መተላለፍ ነበረበት። በተግባር የሚታየው ግን አባትየው ስልኩን ይዞ ይቆምና ቦርሳው እናት ትከሻ ላይ ይቀራል፤ አለዚያም ልጅ ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት ጭና ትዞራለች። አባትየው ቢጠየቅ «አበባ አለበት» ይላል። ምክንያቱ ደካማ ነው፤ ሆኖም ግራጫ ወይም ሰማያዊ፣ ማንገቻው ለአጭርም ለረጅምም የሚስተካከል ቦርሳ ቢገዛ ያች ምክንያት ትሞታለች። እንዲህ ያለውን ከተራ የእግር ጉዞ ቦርሳዎች መካከል ያገኙታል፤ «ሕፃን» የሚል ቃል ስላልተጻፈበት ዋጋውም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል።

ለመግዛት ሲሄዱ ልጁንም ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ። ሁለት የውሃ ጠርሙስ ቦርሳው ውስጥ ይክተቱና ይሸከሙት፤ ልጁን በግራ እጅዎ ይያዙ፣ ዚፑን በቀኝ እጅዎ ብቻ ይክፈቱ፣ ጎንበስ ብለው ልጁን ያንሡ። ቀጥሎ ለባለቤትዎ ያሸክሙት። ዚፑ ከተቀረቀረ ወይም ባለቤትዎ ፊቱን ካዞረ ቦርሳውን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።