ሳይሸመን የሚያልቅ ጥለት

የፓታን ፓቶላን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ተመልከቱት! በሕንድ ጉጃራት፣ ፓታን በምትባል ጥንታዊ ከተማ፣ የሳልቪ ቤተሰቦች ከአባት ለልጅ እያወረሱ የሚሠሩት የሐር ሳሪ ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ ሌላ ጨርቅ ዓይኔን አልሞላው ብሏል።

በደማቅ ቀይ መደብ ላይ ዝሆን፣ በቀቀን፣ አበባና የምትጨፍር ሴት ይደረደራሉ። የታተመ ወይም የተጠለፈ ይመስላል። አይደለም! ሐሩ ገና የሽመና ዕቃው ላይ ሳይወጣ ጥለቱ በክሩ ላይ አልቋል። ባለሙያዎቹ ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ይዘው፣ ቀለም እንዳይገባበት የፈለጉትን ቦታ ሁሉ በጥጥ ክር አጥብቀው ያስራሉ። ይነክሩታል፣ ይፈቱታል፣ ሌላ ቦታ አስረው ደግሞ በሌላ ቀለም ይነክሩታል። ከተክል ሥር ቀይ፣ ከኢንዲጎ ቅጠል ሰማያዊ፣ ከእርድ ቢጫ!

ከዚያ የሽመናው ተአምር ይመጣል። ቀዩ ማግ ከቀዩ ድር፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ጋር ልክ በቦታው መገጣጠም አለበት። ክሩ ትንሽ ከተንሸራተተ የዝሆኑ ኩምቢ ተዛነፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረው ተቀምጠው ክሩን በመርፌ እያቃኑ ይሸምናሉ። አንድ ሳሪ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሲያልቅስ? ፊትና ጀርባ የለውም! ገልብጣችሁ ብትለብሱት ቀለሙም ቅርጹም ያው ነው። ሁለት ቀለማት የሚዋሰኑበት ጠርዝ ደግሞ በስሱ ተደባልቆ ሥዕሉን ሕያው ያደርገዋል፤ የትኛውም ማተሚያ ይህን ልስላሴ አያመጣውም።

የጥለቱ ምርጫም የለባሹን ማንነት ይናገራል። የቮራ ሙስሊሞች ለሠርጋቸው የሚመርጡት እንስሳም ሰውም የሌለበትን፣ በመስመርና በማዕዘን ብቻ የተዋበውን ነው። ዝሆንና ጨፋሪ ሴት ያለበት ለሌሎች ነው። ያው ክር፣ ያው ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ ውበት!

ድርንም ማግንም እንዲህ አስሮ በመንከር የሚሸምን በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ከሕንድ ሌላ የሚጠቀሱት ጃፓንና የባሊዋ ተንጋናን መንደር ናቸው።

እባካችሁ ፎቶውን ስታገኙ በጠቅላላው ድምቀት ብቻ ረክታችሁ አትለፉት። አንዲት ቀይ ነጥብ መርጣችሁ አጉልታችሁ እዩ። እዚያች ነጥብ ላይ የተገናኙት ሁለቱ ክሮች ከወራት በፊት ለዚህችው ቦታ ታስበው የተነከሩ ናቸው። ከዚያ ሳሪው ከ5 ሜትር በላይ እንደሚረዝም አስቡ!