የ«ኢንዲጎ» ጥናት ከጂንካ ሲነበብ

ቀስ ብሎ የሚያድገው ግሊዮማ የተባለ የአንጎል ዕጢ ከጤነኛው ሥጋ ጋር ተጠላልፎ ስለሚበቅል፣ ንግግርን ወይም እንቅስቃሴን ሳይጎዱ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው «ኢንዲጎ» ጥናት ለእነዚህ ሕሙማን ቮራሲዴኒብ የተባለ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ መድኃኒት ይዞ መጣ። መድኃኒቱ አይዲኤች የተባለው ዘረመል ሲለወጥ የሚፈጠረውን የተበላሸ ኢንዛይም ይገታል። ከ331 ተሳታፊዎች መካከል መድኃኒቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ዕጢያቸው ሳይባባስ 27.7 ወር ቆዩ፤ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል የወሰዱት ግን 11.1 ወር። ውጤቱ ጠንካራ ነው፤ አሜሪካም በ2024 ፈቀደችው።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ጥናቱ በዋናነት የለካው ዕጢው የተገታበትን ጊዜ እንጂ ዕድሜ መርዘሙን አይደለም። ዕጢያቸው የባሰባቸው ወደ መድኃኒቱ እንዲዛወሩ መፈቀዱ ለሕሙማኑ ተገቢ ነበር፤ የዕድሜውን ጥያቄ ግን አደብዝዞታል። ከጨረር በኋላ የሚሰጡት የቀድሞዎቹ ሦስት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ግን በሌላ ጥናት መካከለኛውን ዕድሜ ከ7.8 ወደ 13.3 ዓመት አሳድገዋል። ቮራሲዴኒብ ከእነሱ ጋር አልተወዳደረም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የተሳታፊዎቹ ምርጫ ነው። ጥናቱ በአሥር አገሮች በ77 ማዕከላት ሲካሄድ ከአፍሪካ አንድም ማዕከል አልነበረበትም። የሚጥል ሕመማቸው በመድኃኒት አልገታ ያላቸውና አእምሯቸው ወይም አካላቸው በዕጢው የተጎዳ አልተካተቱም። ዘግይቶ ሐኪም ዘንድ የሚደርስ የደቡብ ኦሞ ሕመምተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ወገን ነው። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት በአብዛኛው የሚጥል ሕመም ነው፤ መንፈስ ነው ተብሎም ዓመታት ያልፋሉ። ቢታወቅ እንኳ ከደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ተነስቶ በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ አልፎ አርባ ምንጭ፣ ብሎም አዲስ አበባ መድረስ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሯል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንክብሉ ግን ናሙና ተወስዶ፣ የዘረመል ለውጡ ተረጋግጦ፣ ከዚያም የጉበት ምርመራና ኤምአርአይ በየጊዜው እየተደገመ የሚሰጥ ነው።

ጥናቱ ላነሳው ጥያቄ በቂ መልስ ሰጥቷል፤ የጂንካን ጥያቄ ግን አላነሳም። ስለዚህ ለአካባቢው ጤና ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ፦ ከዚህ በፊት የሚጥል ሕመም ታይቶበት የማያውቅ አዋቂ ድንገት ሲጥለው ፌኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል ሕመም መድኃኒት አዝዛችሁ ብቻ አትሸኙት፤ ለአንጎል ምስል ላኩት።