ትንሹ ተዋጊና ሰይፉ፤ ስለ አንድ የጨዋታ ሕግ የቀረበ ሐተታ

ጨዋታ ያለ ሕግ አይቆምም፤ ሕግም ሁሉ ስለ ዓለም አንድ ነገር መናገሩ አይቀርም። በዚህች አጭር ሐተታ ልንመረምረው ያሰብነው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ትንሽ ሰውነት ላላቸው ገጸ ባሕርያት የወሰነውን የጦር መሣሪያ ልክ ነው። ጨዋታውን ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ አወጡት (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ ይይዛል፤ የውጊያውም ዕድል በዳይስ ይወሰናል። ከሚመረጡትም መካከል ቁመቱ ሦስት ጫማ ያህል የሆነ ሃፍሊንግ የሚባል ፍጡር ይገኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ፍጡር የሰውን ሰይፍ ቢያነሣ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ መጽሐፎቹ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ልኩ የመሣሪያው ነበር፤ ይኸውም ለሰው የአንድ እጅ የሆነው ረዥም ሰይፍ ለሃፍሊንግ የሁለት እጅ ይሆናል፤ ታላቁን ሰይፍ ግን ከነጭራሹ ሊዋጋበት አይችልም። በ2003 የታረመው እትም ይህን ሽሮ መሣሪያው ሁሉ እንደ ያዡ ቁመት የተሠራ እንዲሆን ደነገገ። የትንሹ ረዥም ሰይፍ ክብደቱ በግማሽ ይቀነሳል፤ ጉዳቱም በባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ፈንታ በባለ ስድስት ይጣላል፤ ለሰው የተሠራውን የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ከመምታት ዕድሉ ሁለት ይጐድልበታል። የ2014 እትም ይህን ሁሉ ትቶ፣ ትንሹ ፍጡር «ከባድ» የተባሉትን መሣሪያዎች ሲይዝ ብቻ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን እንዲወስድ አዘዘ።

ከእነዚህ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው የ2003ቱ ነው የሚሉ አሉ። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ቍጥሩን ስንመረምረው አልጸናም። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የአንድ አካል ርዝመት በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ሲቀነስ ስፋቱ አንድ አራተኛ፣ ክብደቱ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። የጡንቻ ኀይል ከስፋቱ ጋር ስለሚሄድ፣ የሃፍሊንጉ ኀይል የስድስት ጫማ ሰው ኀይል አንድ አራተኛ ያህል መሆን ይገባዋል። መጽሐፉ ለሃፍሊንጉ ሰውነት ከ30 እስከ 35 ፓውንድ ሲሰጥ ለዚህ ሕግ ቀርቧል። ለሰይፉ ግን ሕጉን ረስቶታል፤ የሰው ረዥም ሰይፍ 4 ፓውንድ፣ የትንሹ 2 ፓውንድ ነው። በአራት እጥፍ ለደከመ ክንድ 2 ፓውንድ መስጠት፣ ለሰው 8 ፓውንድ እንደ መስጠት ነው፤ ይህም በዚያው መጽሐፍ የታላቁ የሁለት እጅ ሰይፍ ክብደት ነው! ትንሹ ተዋጊ ግን በአንድ እጁ ያወዛውዘዋል ተብሏል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ሌላ ነው። ስለት ሥጋን ለመቁረጥ ታላቅነት አያሻውም፤ በትንሽ ካራም ሰው ይሞታል። የአጭር ሰው ችግር የቁስሉ ማነስ ሳይሆን ጠላቱ ጋ ከመድረሱ በፊት መመታቱ ነው። ሕጉ ግን ለሰውም ለሃፍሊንግም እኩል አምስት ጫማ የመድረሻ ርቀት ሰጥቶ፣ ከማይገባው ቦታ ከጉዳቱ ቀነሰ። ዳዊት ከጎልያድ ጋር የተዋጋበትን ታሪክ የምናውቅ ሁሉ ይህን አንስተውም፤ ብላቴናው ያልለመደውን የሳኦልን ጥሩር አውልቆ ግዙፉን በወንጭፍ ከሩቅ መታው፤ የጎልያድን ሰይፍ የመዘዘው ባለቤቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

የ2014ቱ ሕግ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ሚዛኑን ስቷል። የኀይሉ ቍጥር 20 የደረሰ ሃፍሊንግ በታላቁ ሰይፍ ሲቸገር፣ ቍጥሩ 8 የሆነ ደካማ ሰው ያለ ችግር ይይዘዋል። ይህ ተዋጊውን በችሎታው ሳይሆን በዘሩ መመዘን ነው። የ2024 እትም ይህን አይቶ፣ ከባድ የእጅ መሣሪያ ያለ ችግር ለመያዝ ኀይሉ 13 መድረስ አለበት ሲል ለሁሉም አንድ ሚዛን አቆመ። ይህን እናመሰግናለን፤ ሆኖም ሦስት ጫማ ቁመት ያለው ተዋጊ ራሱን የሚያህል ሰይፍ ሲያዞር ቁመቱ ምንም ለውጥ የማያመጣ መሆኑ አሁንም ቅር ያሰኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጉዳቱ እንዳለ ይተው፤ የኀይሉም ሚዛን ይጽና፤ ነገር ግን አጭሩ ወደ ረዥሙ ሲቀርብ ረዥሙ አንድ ጊዜ ቀድሞ ይምታ። ይህ ጨዋታውን ያዘገያል የሚል ይኖር ይሆናል። የክብደትና የዳይስ ሰንጠረዦቹ ከተሰረዙ ግን ሸክሙ ይቀላል እንጂ አይከብድም። ትንሹን ተዋጊ የመረጠ ተጫዋች ያለበትን ችግር አውቆ በጥበብ ሊያሸንፈው ይፈልጋል፤ ምክንያቱ በማይገባው ቅናሽ ተሰላችቶ ሌባ ሊሆን አልመጣም። እንደ እኛ አስተያየት፣ ሕግ እውነትን የሚመስለው ቍጥር ስላበዛ ሳይሆን ችግሩን በትክክለኛው ቦታ ስላስቀመጠ ነው።