ስለ መዋስና ስለ መስረቅ

በአማርኛ ውስጥ ለሚያስተውል ሰው እጅግ የሚያስገርም አንድ አነጋገር አለ። ባለቅኔ ከልቡ አፍልቆ አዲስ ቅኔ ባሰማ ጊዜ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። «ዘራፊ» የሚለው ቃል በመንገድና በገበያ የወንጀለኛ ስም ሲሆን፥ በቅኔ ቤት የክብር ስም ነው። ምክንያቱን የጠየቅን እንደ ሆነ ግን ነገሩ እንቈቅልሽ አይደለም። የቅኔ ዘራፊ ታሪኩን ከመጻሕፍት፥ ምሳሌውን ከእርሻና ከአደን፥ ከጦርነትና ከገበያ ይወስዳል፤ የቤቱን ልክና የዜማውን መንገድ ከቀደሙት መምህራን ይቀበላል። ይህ ሁሉ የተፈቀደለት ነው። የጓደኛውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ በጉባኤ መካከል ያሰማ እንደ ሆነ ግን ኀፍረት ያገኘዋል። እንግዲህ በመዋስና በመስረቅ መካከል ያለው ወሰን ትናንት ከውጭ አገር የመጣ የጠበቆች ብልሃት ሳይሆን፥ በገዛ ቤታችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ነገር ያነሣሁት ስለ ዘፈንና ስለ ፊልም ሁለት ዐይነት ስሕተት ሲነገር ስለምሰማ ነው። አንደኛው ወገን «ከሌላ የተወሰደ ሁሉ ስርቆት ነው፤ ከባዕድ የመጣውም ሁሉ የእኛን ያጠፋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጆሮ የሰማውን፥ ዐይን ያየውን መውሰድ ነጻ ነው፤ ጥበብ ባለቤት የላትም» ይላል። እኔ ሁለቱም ልክ አይደሉም እላለሁ። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆኑኝ በዓለም የታወቁ ጥቂት ሥራዎችን ልመርምር። የውጭውን አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ለመጀመሪያው ወገን የምሰጠው መልስ አጭር ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ፥ ጥንተ ምንጩ በህንድ አገር የሚነገረው የቡድሃ ሕይወት ነው። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ኖሮ ወደ እኛ ገዳማት ደረሰ፤ በዚህም ማንም ድኻ አልሆነም። በቅርቡም ዘመን ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ ጃዝን ተምረው፥ የውጭውን መሣሪያና አጨዋወት ከአገራችን ቅኝቶች ጋር አዋሕደው «ኢትዮ ጃዝ» የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። ጃዝን ጃዝ ብለው ጠሩት፤ ከየት እንዳመጡት አልደበቁም፤ ያመጡትንም እንዳለ አላስቀመጡትም። መልካም ብድር ማለት ይህ ነው።

የትዝታ ወይም የባቲ ቅኝት የማንም የግል ርስት አይደለም። እንደ ወንዝ ውሃ ነውና የፈለገ ሁሉ ይቀዳል። ነገር ግን አንዱ ከወንዙ ቀድቶ፥ ተሸክሞ ከቤቱ ያደረሰውን እንስራ ብትወስድበት «ውሃው እኮ የወንዝ ነው» ብለህ ከነውር አታመልጥም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ። አኪራ ኩሮሳዋ የተባለው የጃፓን የፊልም አዘጋጅ በ1954 «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባለ ፊልም አወጣ። ሽፍቶች እህላቸውን የሚዘርፏቸው ገበሬዎች ሰባት ሰይፈኞችን ቀጥረው መንደራቸውን ያስጠብቃሉ። በ1960 ጆን ስተርጅስ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ታሪክ ወደ ሜክሲኮ መንደር አዛውሮ፥ ሰይፈኞቹን ባለሽጉጥ አድርጎ ሠራው። ታሪኩ ከጃፓኑ ፊልም የተወሰደ መሆኑን በፊልሙ መግቢያ ላይ ጻፈ። በ1964 ደግሞ ሰርጅዮ ሊዮኔ የተባለ ኢጣልያዊ «አንድ እፍኝ ዶላር» የሚባለውን ፊልም አወጣ። አንድ ባለሽጉጥ እንግዳ በሁለት ጠበኛ ወገኖች ወደ ተከፈለች ከተማ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ለአንዱ፥ አንድ ጊዜ ለሌላው እየተቀጠረ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ይህም ኩሮሳዋ በ1961 «ዮጂምቦ» ብሎ ያወጣው ታሪክ ነበር፤ ትዕይንቱ በትዕይንት ላይ እየተከተለ የተወሰደ ነው። ፈቃድ አልተጠየቀም፤ የኩሮሳዋም ስም አልተጻፈም። ነገሩ ወደ ሕግ ሄዶ በስምምነት ሲያልቅ፥ ለጃፓኖቹ ፊልሙ በዓለም ካስገባው ገንዘብ ከመቶ 15 እጅና በጃፓን አገር የማሳየት መብት ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ እንደ ተመልካች ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ከሁለቱ ፊልሞች በጥበብ የሚበልጠው የሊዮኔ ነው። የስተርጅስ ፊልም መልካም ነው፤ ግን የለመድነውን መንገድ ይሄዳል። ሊዮኔ ግን የሰውን ፊት እንደ ተራራ አግዝፎ አሳየ፤ ዝምታን እንደ ንግግር ተጠቀመበት፤ ኤንዮ ሞሪኮኔ በፉጨትና በጊታር የሠራለትም ሙዚቃ ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ፊልም ያልተሰማ ነበር። ስለዚህ ብዙ የጨመረው ሰው ስሙን የደበቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰዎች «አዲስ ነገር ከጨመረበት አልሰረቀም» ይላሉ። እኔ ግን የጨመሩት ነገርና ያለባቸው ዕዳ ለየብቻ የሚታሰቡ ሁለት ሒሳቦች ናቸው እላለሁ። የሰው እንጨት ወስዶ ያማረ ወንበር የሠራ ሰው፥ ወንበሩ ማማሩ የእንጨቱን ዋጋ አይከፍልለትም።

ምናልባት «ኩሮሳዋስ ከሌላ አልወሰደምን?» ትለኝ ይሆናል። በርግጥ ወስዷል። በ1957 የሼክስፒርን ማክቤዝ ወደ ጃፓን አምጥቶ በፊልም ሠርቶታል፤ ዮጂምቦም ዳሺየል ሐሜት የተባለው አሜሪካዊ በ1929 ካሳተመው ልብ ወለድ ጋር እንደሚመሳሰል ዐዋቂዎች ተናግረዋል። ነገር ግን በሁለት ጠበኞች መካከል ገብቶ ሁለቱንም የሚያታልል ሰው ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር የተነገረ ነው፤ ይህ ወንዙ ነው። የሰውዬው አረማመድ፥ የትዕይንቱ ቅደም ተከተል፥ ድብደባውና ከድብደባው ማምለጡ ሁሉ አንድ በአንድ ሲወሰድ ግን፥ ይህ እንስራው ነው።

ኩሮሳዋ ግን የታወቀ ሰው ነበረ፤ ከበስተኋላውም ቶሆ የተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ ቆሞለት ነበርና መብቱን አስከበረ። ጠበቃም ዝናም የሌለው ሰው ምን ይሆናል? ይህን የሚያሳየን የሰሎሞን ሊንዳ ታሪክ ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ ይህን ታሪክ ልብ እንድትለው እፈልጋለሁ።

ሰሎሞን ሊንዳ በደቡብ አፍሪካ የሚኖር የዙሉ ተወላጅ ነበረ። በጆሃንስበርግ ከተማ በአንድ የሸክላ ኩባንያ ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ እያሸገ ይኖር ነበር። በ1939 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈን አስቀረጸ፤ ትርጉሙ «አንበሳ» ማለት ነው። በመጨረሻው ቅጂ ላይ ከሌሎቹ ድምፅ በላይ ከፍ ብሎ፥ ከዚያ በፊት ያልተዘጋጀበትን ዜማ ከልቡ አፈለቀ። እኛ «ዘረፈ» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። የዘፈኑንም መብት ለኩባንያው በ10 ሽልንግ ሸጠ።

ሸክላው ወደ አሜሪካ ሄዶ ፒት ሲገር ከተባለው ዘፋኝ እጅ ደረሰ። እርሱና ጓደኞቹ «ኡዪምቡቤ» የሚለውን የዙሉ ቃል በትክክል ስላልሰሙት «ዊሞዌ» እያሉ ዘፈኑት፤ በ1952ም በጣም ተወደደ። በሸክላው ላይ የደራሲ ስም ሆኖ የተጻፈው ግን የሊንዳ ሳይሆን፥ በዓለም ላይ ያልነበረ «ፖል ካምብል» የተባለ የፈጠራ ስም ነበር። በ1961 ቶክንስ የተባሉት ወጣቶች በዚያው ዜማ ላይ አዲስ የእንግሊዝኛ ግጥም ተጨምሮለት «ዛሬ ማታ አንበሳው ተኝቷል» ብለው ዘፈኑት፤ በአሜሪካም ከዘፈኖች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ሊንዳ በ1962 በድኽነት ሞተ። ለመቃብሩም የሚቆም ድንጋይ ለብዙ ዓመታት አልተገኘለትም። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉ ነበር፤ የዚህ ሰው ስም ግን ከመቃብሩ በታች ዋለ።

ዜማው በ1994 ዲዝኒ ባወጣው «ላየን ኪንግ» በተባለው ፊልም ደግሞ ተሰማ። በ2000 ራያን ማላን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ጸሐፊ ነገሩን በሮሊንግ ስቶን መጽሔት ገለጠው። በ2004 የሊንዳ ልጆች ዲዝኒን ከሰሱ። ጠበቆቻቸው የተደገፉበትም ደራሲ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ እንዲመለስ የሚያዝ፥ በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ይሠራበት የነበረ የ1911 ሕግ ነበር። በ2006 ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ወራሾቹም ካለፈው ክፍያ፥ ከሚመጣውም ድርሻ ተቀበሉ፤ የሊንዳም ስም በደራሲነት ታወቀ። ዘፈኑ ከተቀረጸ 67 ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ይህ ሁሉ በደል እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ክፉ ልብ የነበራቸው አይደሉም። ሲገር ዘፈኑን ከጥንት የመጣ የዙሉ ሕዝብ ዜማ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የሠራው ሰው መኖሩን በሰማ ጊዜም ገንዘብ እንዲላክለት አድርጓል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ቅንነቱ ነው። የሩቅ አገር ድኻ የዘፈነውን በሰማን ጊዜ «ይህ የሕዝብ ነው» ማለት ለምን እንዲህ ቀለለን? ባለቤት የለውም ከምንለው ነገር ብዙው፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ያልጠየቅነው ነው።

ይህንንም በባዕድ ብቻ አንፍረድ። በአገራችን ዘፈን ሲታተም «ግጥምና ዜማ፥ የሕዝብ» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። በእውነት የሕዝብ የሆኑ፥ ሁሉም የጨመረባቸው፥ ሠሪያቸው በዘመን ብዛት የማይታወቅ ብዙ ዜማዎች አሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው ስንቱ በጎንደር ወይም በወሎ በአንድ ጠጅ ቤት ማሲንቆውን ይዞ የተቀመጠ አንድ አዝማሪ ያወጣው ነው? ስንቱንስ ልጇን እሹሩሩ ስትል የነበረች አንዲት እናት ፈጠረችው? ዛሬ በስልክ የተቀረጸ ድምፅ በአንድ ቀን አገር ለአገር ስለሚዞር፥ ዘፋኙ ሳይታወቅ ዘፈኑ ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚረዳው ወደ ችሎት መምጣት የሚችለውን ነው። መምጣት የማይችለውን የሚረዳው የወሳጁ ኅሊና ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘፈን ለመዝፈን፥ ተውኔት ለመጻፍ ወይም ፊልም ለመሥራት የምታስብ ወጣት ሆይ፤ ከሌላ ስትወስድ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። የወሰድሁት ከወንዙ ነው ወይስ ከሰው እንስራ? ከሰው እንስራ ከሆነ፥ ባለቤቱን ፈልጌ አስፈቅጄአለሁን? ሥራዬስ በተወደደ ጊዜ ስሙን ከስሜ ጋር ለመጥራት፥ ከማገኘውም ለማካፈል ፈቃደኛ ነኝን? ለእነዚህ በጎ መልስ ካለህ፥ ከቻይናም ከብራዚልም ብትወስድ አትፈር።

መልስ የሌለህ እንደ ሆነ ግን የምትጐዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ስለ ጌጥ ብቻ አይምሰልህ። በሰው ዜማ የተጨበጨበለት ወጣት የራሱ ዜማ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሳይደክም ያረጃል፤ ጭብጨባው ያለፈ ዕለትም የእኔ ነው የሚለው ነገር አይኖረውም። ተበድሮ የመለሰ ግን ሁለተኛ ጊዜም ያበድሩታል። ስለዚህ ነገ አንድ ያማረ ዜማ ከሩቅ ብትሰማ፥ ከመድገምህ በፊት «ይህን ያወጣው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ።